አራት ጌጅና አንድ ግትር

ትራክተር አለኝ ስል ሰሚው ሌላ ሰው ያስባል፤ ኢተያ ላይ ፎቅ የጀመረ፣ ስንዴውን በኩንታል ሳይሆን በአይሱዙ የሚቆጥር ሰው። እኔ አዲስ አበባ ቢሮ ተቀምጬ ደብዳቤ የማረቅቅ ደመወዝተኛ ነኝ። አርሲ ውስጥ ለእርሻ ኪራይ የሚሰማራው አሮጌ ማሲ ፈርጉሰን 135 ከአጎቴ የደረሰኝ ነው። ትራክተሩ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ በጠባይም ይሻለኛል። ይህን ለትሕትና ብዬ እንዳልተናገርኩ ከዚህ በታች ያለው ኑዛዜ ይመሰክርብኛል።

አጎቴ ትራክተሩን ከጨረታ ሲገዛው የዳሽቦርዱ መስታወት ተሰነጣጥቆ፣ መርፌዎቹም ከሞቱ ቆይተው ነበር። እርሱ ግድ አልሰጠውም። ዘይቱን በዲፕስቲክ፣ ሙቀቱን መዳፉን ራዲያተሩ ላይ ጣል በማድረግ፣ ናፍታውን ታንከሩ ውስጥ እንጨት በመስደድ ያውቅ ነበር። ከእርሱ የተረከብኩት ኦፕሬተርም በዚያው ትምህርት ያደገ ልጅ ነው፤ ሞተሩ ድምፁን ትንሽ ከለወጠ ወሬውን አቋርጦ ያዳምጣል። እንግዲህ ጌጅ ያስፈለገው ማንን ነው? እኔን። ያውም ለማወቅ አይደለም፤ ለመታየት ነው። አንድ የቢሮ ባልደረባዬ የትራክተሩን ፎቶ ስልኬ ላይ አየና «መሪው ፊት ለፊት ያሉት ቀዳዳዎች ምንድን ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ለአየር ነው» አልኩት።

አመነኝ። እኔ ግን አላመንኩም፤ ቤቴ እስክገባ ድረስ አፈርኩ። በትራክተሩ ሳይሆን በቀዳዳዎቹ። ሰው በዋሸበት ያፍራል፤ እኔን ያሳፈረኝ ውሸቴ ሳይሆን ያስዋሸኝ ዳሽቦርድ ነበር።

የ135 መለዋወጫ አይገኝም ብዬ ማመካኘት አልችልም። ሞዴሉ እ.ኤ.አ. ከ1964 ማብቂያ ጀምሮ እንግሊዝ አገር፣ ኮቨንትሪ ከተማ፣ ባነር ሌን በሚባለው ፋብሪካ ይመረት ነበር፤ የእኔው ሞተር ባለ ሦስት ሲሊንደሩ ፐርኪንስ ነው። ፋብሪካው ከተዘጋ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቤተሰቡ ግን ቀደም ብሎ በየአገሩ ስለተበተነ ዘሩ አልጠፋም፤ የማሲ ፈርጉሰን ንድፍ በፈቃድ ዩጎዝላቪያ ውስጥ በአይ.ኤም.ቲ.፣ ህንድ ውስጥ በታፌ፣ ፓኪስታን ውስጥ በሚላት ተሠርቷል፤ ቱርክም ድርሻዋን ወስዳለች። ስለዚህ ፒስተን የፈለገ ፒስተን፣ ጓርኒሲዮን የፈለገ ጓርኒሲዮን ያገኛል። ጌጅ ላይ ሲደረስ ነው ጣጣው። የእንግሊዙም፣ የህንዱም፣ የቱርኩም፣ ለጭነት መኪና የተሠራው የቻይናውም ጌጅ ከፊት ሲያዩት አንድ ነው። ገልብጠው ሲያዩት የጥርሱ ልክ፣ የመለኪያው ዓይነትና የሽቦው አገባብ ይለያያል። ዘመዳሞች ስለሆኑ ነው መሰለኝ አይጋቡም።

እኔ ገልብጬ አላየሁም።

ሶማሌ ተራ የወረድኩት ከቢሮ በቀጥታ፣ ሱፍ ለብሼ ከረባት አስሬ ነው። ሻጩ የጠየቀኝ ሊጠየቅ የሚገባውን ነው፤ «መካኒካል ነው ኤሌክትሪካል? ሴንደሩ የምንድን ነው? አሮጌውን ይዘኸዋል?»

«ጥቁር ፊት ያለው፣ ዙሪያው ኒኬል የሆነ» አልኩት።

አስተያየቱ የሐዘኔታ ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ሲያዝንልኝ አልወድም፤ የሚያዝንልኝ ሰው ሲኖር በገንዘብ ነው የማስቆመው። የጠራውን ዋጋ ሳልከራከር ከፈልኩ። ለክቼ የሄድኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቀዳዳውን ስፋት። 52 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ለብዙ ጌጆች የተለመደ ልክ። ቀዳዳ ውስጥ የገባ ሁሉ ይሠራል ብዬ አሰብኩ።

«አሮጌውን ይዘኸዋል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያልሰጠሁት በምክንያት ነው። አሮጌዎቹን ጌጆች፣ ያ ፎቶ ከመነሣቱ በፊት፣ ለናሙና ብዬ ከአርሲ ነቅዬ አምጥቼ ነበር። በረንዳ ላይ ከርመው ከርመው፣ አንድ እሑድ ቆራሌው ሲያልፍ ከተሰበረ ወንበር ጋር ሸጥኳቸው። የምፈልገው መልስ ሁሉ ጀርባቸው ላይ ነበር፤ የአምራቹ ቁጥር፣ የቮልቱ መጠን፣ የጥርሱ ልክ። ለሰው ስናገር «ሚስቴ ናት የሸጠችው» እላለሁ። እርሷ ያለችው «በረንዳውን አጽዳ» ነው፤ ሽጥ አላለችም።

መጀመሪያ የተገጠመው የዘይት ግፊት ጌጅ ነው። አሠራሩ ቀላልና የቆየ ነው፤ ፈረንሳዊው ኦዤን ቡርዶን እ.ኤ.አ. በ1849 ያስመዘገበው ዘዴ ነው። የተጠማዘዘ ጠፍጣፋ ቱቦ ውስጥ ግፊት ሲገባ ቱቦው ሊቃና ይሞክርና መርፌውን ይጎትታል። ማገናኛውን ስንገጥም ሁለት ዙር ያህል ሄዶ ቆመ። «ጋሼ፣ ልኩ አይደለም» አለ ኦፕሬተሩ፣ መፍቻውን አስቀምጦ። ልክ ነበር። በአንድ ስምንተኛ ኢንች ቧንቧ የአሜሪካኑ ጥርስ በኢንች 27፣ የእንግሊዙ 28 ነው፤ ጀምረው ይስማማሉ፣ ጥቂት እንደሄዱ ይጣላሉ። እኔ ግን «አጥብቀው!» አልኩ። አጠበቀው። የተበላው የነሐሱ ማገናኛ ጥርስ እንጂ የሞተሩ አለመሆኑ የአጎቴ ጸሎት ነው።

በሌላ ማገናኛ ከተስተካከለ በኋላ ሞተሩ ተነሣ፤ መርፌው ወደ 3 ሄዶ ቆመ። የትራክተሩን መመሪያ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ለዚህ ሞተር በሥራ ፍጥነት ላይ ከ30 እስከ 60 ይጠበቃል ይላል። 3! ጮህኩ። «አጥፋው! አጥፋው!» ወቅቱ የዘር ጊዜ ነው፤ ዝናቡ ጀምሯል፣ ገበሬዎቹ ተራቸውን ይዘው ዳር ላይ ቆመዋል። ሞተሩ አለቀ፣ ኩሽኔታው ተበላ፣ ሻፍቱ ሄደ እያልኩ አለቀስኩላቸው። ከአሰላ አንድ ሽማግሌ መካኒክ በባጃጅ ተጠሩ። አርሲ ለትራክተር አዲስ አይደለም፤ በስዊድን እርዳታ እ.ኤ.አ. በ1967 አሰላ ላይ የእርሻ ልማት ድርጅቱ ካዱ ከተቋቋመበት ዘመን ጀምሮ ይህን ሞተር ፈትተው ሲገጥሙ ያረጁ ሰዎች አሉ። እሳቸው ከእነዚያ አንዱ ናቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ጌጁ ላይ አጎነበሱ።

«ልጄ፣ ከመርፌው ሥር ያለችውን ጽሑፍ አንብበሃል?»

«አዎ… ባር ትላለች።»

«መጽሐፉስ?»

መጽሐፉ ፒ.ኤስ.አይ. ነው የሚለው። አንድ ባር 14.5 ፒ.ኤስ.አይ. ነው፤ 3 ባር ማለት ከ43 በላይ ነው። ሞተሩ በሙሉ ጤንነቱ ላይ ሳለ ነው እኔ የቀበርኩት። ለገበሬዎቹ የነገርኳቸው ግን «ለጥንቃቄ ያህል ነው፤ ማሽን ነገር አይታመንም» የሚል ነበር። ሽማግሌው ሰሙኝ፤ መነጽራቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱና ዝም አሉ። ዝምታቸውን በሒሳቡ ላይ አልጨመሩትም።

የዚያኑ ቀን ምክር ሰጥተውኝ ነበር። ናዝሬት ትራክተር ፋብሪካ ሲገጣጥመው ከነበረው ቤላሩስ የተነቀሉ ጌጆች አሉኝ፣ ጠንካራ ናቸው፣ በርካሽ እሰጥሃለሁ አሉኝ። ፊታቸው ላይ የሩስኛ ፊደል ስላየሁ እምቢ አልኩ። ማሲ ፈርጉሰን ሩስኛ ሲያወራ ፎቶ ላይ እንዴት ይታያል?

የሙቀቱን ጌጅ ከፎቶ ፍቅሬ የተነሣ በገዛ እጄ ገደልኩት። የድሮው ዓይነት የሙቀት ጌጅ ሽቦ የለውም። ውኃው ውስጥ የሚጠመቅ ትንሽ የነሐስ ጠርሙስ፣ ከእርሷ እስከ ዳሽቦርዱ የሚደርስ ቀጭን ቱቦ፣ ቱቦው ውስጥ ደግሞ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ አለ። ውኃው ሲሞቅ ፈሳሹ ይተናል፣ ግፊቱ መርፌውን ያነሣል። ሁሉም በአንድ ላይ የታሸገ ነው፤ ቱቦው ከተነደለ ጌጁ ለዘላለም ሞተ ማለት ነው። የተረፈውን ቱቦ ጠቅልለው ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያስሩታል እንጂ አይቆርጡትም። ይህን ሁሉ ዛሬ ነው የማውቀው። ያኔ ያየሁት ከሞተሩ ጎን ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ፣ ለፎቶ የማይመች ትርፍ ቱቦ ነው።

«አሳጥሩት» አልኩ።

«ልጄ፣ ይህ ሽቦ አይደለም፤ አይቆረጥም» አሉኝ ሽማግሌው። ሐኪም ሲመክረው እሺ ብሎ ከደጅ ሲወጣ ክትፎ ቤት የሚገባ ሰው አይታችኋል? እኔ ነኝ። ቡና ሊጠጡ ዘወር ሲሉ ፒንሳ አንሥቼ ቆረጥኩት። ትንሽ «ጥስ» አለ፣ መድኃኒት መድኃኒት የሚል ሽታ አፍንጫዬን መታው፣ መርፌውም ወደ ታች ወርዶ ተኛ። ጫፉን በፒንሳው ጠፍጥፌ፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ሸጎጥኩት። በእውነት አምሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ ትራክተሩ መሞቅ አቆመ። ማለቴ፣ መርፌው መነሣት አቆመ። እኔ ግን «አየህ? አዲሱ ጌጅ ከተገጠመ ወዲህ ሞተሩ አይሞቅም» እያልኩ ለኦፕሬተሩ አስረዳሁት። ልጁ ጌጁን አየ፣ እኔን አየ፣ ምንም አላለም። አንድ ቀትር ላይ ሲያርስ ቺንጋው ላላ፤ የውኃ ፓምፑ እንደሚገባው መዞር አቃተው። መርፌው እንደ ተኛ ነው። ልጁ ሽታውን ሰምቶ ወረደ፣ መዳፉን ራዲያተሩ አጠገብ ዘርግቶ ወዲያው ሰበሰበና ሞተሩን አጠፋ። ቴስታታው ሳይጣመም የተረፈው በዚያ መዳፍ ነው። ያን ቀን ስልክ ሲደውልልኝ የመጀመሪያ ንግግሬ «ጌጁ ስንት ይላል?» የሚል ነበር።

አሚተሩ ላይ ብዙ አልቆይም። ሁለቱ ገመዶች ተዛውረው ስለታሰሩ ባትሪው ሲሞላ «እየፈሰሰ ነው» ይል ነበር። ገመድ ማዛወር ነጻ ነው፤ እኔ አዲስ ባትሪ ገዛሁ።

የነዳጁ ጌጅ ግን እንደዚህ በቀላሉ አይታለፍም። ኑዛዜ ያልኩት በርሱ ምክንያት ነው።

የነዳጅ ጌጅ በራሱ ምንም አያውቅም። ታንከሩ ውስጥ የተቀመጠው ሴንደር ተንሳፋፊ አለው፤ ናፍታው ሲወርድና ሲወጣ ተንሳፋፊው የኤሌክትሪኩን ሬዚስታንስ ይለውጣል፣ ጌጁም ያንን ያነባል። አውሮፓውያኑ በአመዛኙ የለመዱት ባዶ ሲሆን 10 ኦም፣ ሙሉ ሲሆን 180 ኦም የሚሰጠውን ነው። አሜሪካውያኑ በተገላቢጦሽ፣ ባዶ ሲሆን 240፣ ሙሉ ሲሆን 33። ጌጅና ሴንደር ከአንድ ወገን እስከሆኑ ድረስ ችግር የለም። እኔ ጌጁን ካንዱ ሱቅ፣ ሴንደሩን ከሌላው ገዛሁ፤ በሁለቱም ቦታ ርካሹን መርጬ፣ በብልጠቴ እየተደነቅሁ። ጌጁ አሜሪካዊ፣ ሴንደሩ አውሮፓዊ ሆነው አረፉት። ውጤቱን እናንተ አስሉት።

ጠዋት ታንከሩ ይሞላል። ልጁ እንዳዘዝኩት የዳሽቦርዱን ፎቶ ይልክልኛል። መርፌው ባዶው አካባቢ ተኝቷል። ከቢሮዬ ሆኜ እደውላለሁ፤ «ናፍታው የት ገባ?»

«ሞልቻለሁ ጋሼ።»

«ጌጁ እንደዚያ አይልም።»

«በእንጨት ለክቼዋለሁ፤ ሙሉ ነው።»

«እንጨትና ጌጅ አንድ ነው እንዴ?»

በሌላ ሰው ቋንቋ ሌባ ነህ ማለት ነው፤ እኔ ደብዳቤ አርቃቂ ስለሆንኩ ቃሉን አልተጠቀምኩም። ልጁ ግን ገብቶታል። ማታ ሥራ ሲያበቃ ሌላ ፎቶ ይመጣል፤ መርፌው ወደ ሙሉው ተጠግቷል። እዚህ ላይ ጤነኛ ሰው ይጠራጠራል፤ ቀኑን ሙሉ ያረሰ ትራክተር ናፍታው እንዴት ይጨምራል? እኔ አልተጠራጠርኩም። «ደንግጦ መልሶታል» አልኩ። ለሚስቴም ነገርኳት፤ ሠራተኛን እንዴት እንደሚቆጣጠሩ ምሳሌ አድርጌ። ገረመኝ የሚል ሰው ካለ እኔም ዛሬ ይገርመኛል፤ ሆኖም መርፌው የሚያሳየውና እኔ አስቀድሜ ያሰብኩት አንድ ነበሩ። ልጁን ከድሮም በሙሉ ልቤ አላምነውም ነበር፤ ማስረጃ ፈልጌ ያጣሁበትን ነገር አንድ ርካሽ ጌጅ አመጣልኝ።

ብዙም ሳይቆይ ትራክተሩ እርሻ መሀል ቆመ፤ መርፌው ከሙሉውም አልፎ ነበር። ታንከሩ ደርቋል። የዲዝል ሞተር ናፍታ ጨርሶ ሲቆም ናፍታ ጨምሮ መሄድ ብቻ አይበቃም፤ መስመሩ አየር ይይዛል። የፊልትሮውን ብሎን ማላላት፣ የእጅ ፓምፗን እያንቀሳቀሱ አረፋው እስኪጠፋ ማፍሰስ፣ ፓምፑን፣ ቀጥሎ የኢንጀክተሮቹን ቧንቧዎች እንዲሁ ማድረግ ያስፈልጋል። ልጁ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ይህን ሁሉ ሲያደርግ እኔ አጋጣሚ ሆኖ እዚያው ነበርኩ፤ ጥላ ይዤ። ሲጨርስ እንጨቱን ከመቀመጫው ሥር አወጣ፤ እንዳልጥለው ደብቆት ኖሯል። ታንከሩ ውስጥ ሰደደው፣ አወጣው፣ አሳየኝ። እንጨቱ ደረቅ ነበር። ከዚያ ጣቱን ወደ መርፌው ቀሰረ። አንድ ቃል አልተናገረም።

በዚያ ሳምንት ቦት ጫማ ገዛሁለት። «ለጭቃው ነው» አልኩት። የምለው ነገር ሌላ እንደነበር እርሱም እኔም እናውቃለን፤ ሌላው ግን ከአፌ አልወጣም። ቦቱን ተቀብሎ አመሰገነኝ፤ ከእኔ የተሻለ ሰው መሆኑን ያረጋገጥኩት ያኔ ነው።

የቀረው ትልቁ ክብ፣ ሁላችንም «ሰዓቱ» የምንለው ነው። ከሞተሩ በኬብል ይዞራል፤ የሞተሩን ዙር ያሳያል፣ የሥራ ሰዓት ይቆጥራል፣ መውቂያ የሚያዞረው ዘንግ፣ ፒቲኦው፣ 540 ዙር የሚደርስበትም ምልክት አለው። የሚቆጥረው ሰዓት ግን የግድግዳ ሰዓት አይደለም፤ ሞተሩ በተወሰነለት ፍጥነት ሲዞር ብቻ ከእውነተኛው ሰዓት ጋር ይገጥማል፣ ዝግ ብሎ ሲዞር ያነሰ ይቆጥራል። እኔ ግን ይህን ጌጅ የወደድኩት ስለ ዙሩም ስለ ፒቲኦውም አይደለም። አዲስ ስለነበር ቁጥሮቹ ሁሉ ዜሮ ናቸው። ትራክተሩን ለመሸጥ ባስብ፣ ሞተሩ ምን ያህል እንደሠራ የሚጠይቀኝ ሰው ሰዓቱን ማየት ይችላል። እኔ አልዋሸሁም፤ ሰዓቱ ነው የተናገረው።

ይህን ንግግር ተለማምጄ አንድ ደላላ አነጋገርኩ። ሰዓቱን አየና «ጋሼ፣ የዚህ ትራክተር ሰዓት ዜሮ ከሆነ እርስዎም ገና አልተወለዱም» አለኝ። ሳቀ፤ ልጁም ሳቀ። ከቦቱ በኋላ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ስለነበር አልተቆጣሁም። ሰዓቱም ቢሆን የሌላ ሞዴል ነበር፤ የኬብሉ ዙር ልኩ ስላልገጠመ መርፌው 540 ላይ ሲደርስ መውቂያው ገና ያዛጋ ነበር። ስንዴው ከገለባው ጋር ሲወጣ ገበሬው መርፌ አይጠይቅም።

አሁን ዳሽቦርዱ ላይ ያለው እንዲህ ነው። ዘይቱ በባር ይነበባል፣ እኔም በባር አነባለሁ። ሙቀቱን ሩስኛ ተናጋሪው የቤላሩስ ጌጅ ይለካል፤ ትርፍ ቱቦው ከኋላው ተጠቅልሎ ታስሯል፣ ደህና ይሠራል። አሚተሩ ገመዱ ተስተካክሏል። የነዳጁ ቀዳዳ በላሜራ ተደፍኗል፤ ናፍታ የሚለካው በልጁ እንጨት ነው፣ እኔም ፎቶ ላክ ማለት ትቻለሁ። ሰዓቱ ተነቅሏል፤ የእርሱ ቦታ ብቻ እስካሁን ባዶ ነው። ይህን ያነበበ፣ የማሲ 135 የራሱ የሆነ አሮጌ ሰዓት እጁ ላይ ያለ ሰው ቢኖር እገዛዋለሁ። ጀርባውንና ኬብሉ የሚገባበትን ጫፍ ብቻ ያሳየኝ፤ ስንት ሰዓት እንደቆጠረ አልጠይቅም።